ስሟ ያልዞረ መኪና

ብርነሽ ፈሪ ናት። ይህን የምለው ላማት ፈልጌ አይደለም፤ ካዛንቺስ ባለው መሥሪያ ቤታችን፣ መዝገብ ቤት ውስጥ፣ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ገጥመን ስንኖር ያየሁትን ነው። ሊፍት አትገባም። ፎቁን በእግሯ ወጥታ፣ ላብ በላብ ሆና ወንበሯ ላይ ዘፍ ስትል "ሊፍቱ መሀል ላይ ቢቆምስ?" ትለኛለች። "ልብሽ ቢቆምስ?" አልኳት አንድ ቀን። ከዚያ ወዲህ ደረጃውንም መፍራት ጀመረች። የቤቷን ጋዝ ዘግታ ትወጣለች፣ ታክሲ ውስጥ ትጠራጠራለች፣ ስታዲየም አካባቢ ጂኦግራፊ ለሚያስተምረው ባሏ ለታዲዎስ ትደውላለች። እሱም ክፍል ውስጥ ቾክ እንደያዘ "ዘግተሽዋል፣ በዓይኔ አይቻለሁ" ይላታል። አላየም። በትዳር የቆየ ሰው ግን መቼ መዋሸት እንዳለበት ያውቃል።

እኔ ሰብሊ እባላለሁ። ትዕግሥት የላትም ይሉኛል፣ እውነታቸውን ነው። ፈሪ ሰው ያበሳጨኛል። ግን የብርነሽ ፍርሃት ከየት እንደመጣ አውቃለሁና አፌን ብዙ አልከፍትባትም። ልጇን ሩቲን ስትወልድ ምጡ ረዘመባት። "የሆነ ነገር ልክ አይደለም" እያለች ስትጮህ በዙሪያዋ ያለው ሰው ሁሉ "አይዞሽ አትፍሪ፣ ሴት ሁሉ የሚያልፍበት ነው" አላት። አመነቻቸውና ዝም አለች። ሩቲ ስትወጣ አላለቀሰችም፤ አየር አጥሯት ነበር። ዛሬ አእምሮዋ እንደ ምላጭ ነው፣ እግሯ ግን አይታዘዝላትም፤ በዊልቸር ነው የምትሄደው። ብርነሽ አንዴ ብቻ ስለዚህ ነገር ስታወራኝ "አትፍሪ ብለውኝ ነው እኮ" አለች።

ነገሩ የጀመረው አሮጌዋ መኪናቸው ፍሬኗ እምቢ ሲል ነው። ከካዛንቺስ ወደ ዑራኤል እየወረዱ ነበር፣ ሩቲ ከኋላ፣ ብርነሽ ከፊት። ታዲዎስ ፔዳሉን ቢረግጥ ወለሉን ነካ። ማርሽ እየቀነሰ፣ ጎማዋን ከመንገዱ ጠርዝ ጋር እያፋተገ እንደምንም አቆማት። ማንም አልተጎዳም። ሩቲ "አባ፣ ድገመው!" ብላ አጨበጨበች። ብርነሽ ግን ያን ቀን ቢሮ ብትገባም እስከ ምሳ ድረስ ፋይሎቹን እኔ ነበርኩ የማወጣላት። መካኒኩ መኪናዋን አይቶ "ይቺን ከማሠራት ቀብራችሁ ሌላ መግዛት ይሻላል" አለ። ለመለዋወጫ ተፈታታ ተሸጠች።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ወር አልረሳውም። ሩቲ ክብደት ጨምራለች። ሚኒባስ ሲጠሩ ረዳቱ ዊልቸሩን ያይና "ጋሪውን የት ላድርገው እናቴ?" ብሎ በሩን ይዘጋል። በስልክ የሚጠራው ታክሲ በየቀኑ ሲሆን ደሞዝ አይችለውም። ብርነሽ ልጇን አዝላ፣ ታዲዎስ ዊልቸሩን ተሸክሞ፣ ለልማት የፈረሰውን ሰፈር አቧራ እያቋረጡ ትምህርት ቤት ያደርሷታል። አንድ ሰኞ ብርነሽ ወገቧ ተያዘና ሩቲ ቀረች። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ቀን ቀረች። መምህሯ ደውላ "ሩቲ ደህና ናት?" ስትል ብርነሽ ስልኩን ዘግታ "አለቀ ሰብሊ፣ ልጄ ቤት ልትቀር ነው። መጀመሪያ ሰኞ፣ ከዚያ ሳምንቱ፣ ከዚያ በቃ" አለችኝ። በዚህ ላይ አልቀለድኩም። እውነቷን ነበር፤ መኪና ከሌለ ሩቲ ቤት ትቀራለች።

ስለዚህ መኪና መምረጥ ተጀመረ። ለቤት ኪራይ፣ ለሩቲ ትምህርት ቤትና ለፊዚዮቴራፒዋ ተከፍሎ በወር ስንት እንደሚተርፍ ታዲዎስ ያውቃል። ብርነሽ ደግሞ ይተርፋል የተባለው እንደማይተርፍ ታውቃለች። ከሠራተኛው ቁጠባና ብድር ማኅበር በየወሩ ከደሞዟ የሚቆረጥ ብድር ጠየቀች፤ ብድሩ ዋስ ይፈልጋል፣ አንዷ ዋስ እኔ ሆንኩ። ዋስ ሆኖ የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል፤ እሷ ካቃታት የሚቆረጠው የእኔ ደሞዝ ነው። ያን ቀን እኔም በትንሹ መፍራት ጀመርኩ።

ቅዳሜ ቅዳሜ መኪና ስናይ ዋልን፤ ዊልቸሩም ሩቲም አብረውን። ብርነሽ የሞተር ድምፅ አትጠይቅም፣ ስንት ኪሎ ሜትር ተነዳች አትልም። "የኋላውን ይክፈቱልኝ" ትልና ዊልቸሩን ታስገባለች። አንድ ደላላ ትዕግሥቱ አልቆ "እመቤት፣ መኪና ነው ወይስ ቁም ሳጥን የሚገዙት?" አላት። ያየናት የመጀመሪያዋ ትንሽ መኪና ቤንዚን ቆጣቢ ናት፣ ዋጋዋም ይቻላል፤ ዊልቸሩ የሚገባው ግን የኋላው ወንበር ሲታጠፍ ብቻ ነው።

"ታዲያ ሩቲ የት ትቀመጣለች?" አለ ታዲዎስ።

"ፖርቶ መጋላ ላይ እሰሩኝ" አለች ሩቲ ወደ ጣሪያው እያየች።

ሁለተኛዋ ኤሌክትሪክ ነበረች። ታዲዎስ ፍቅር ያዘው፤ ነዳጅ የለ፣ ዘይት የለ፣ የወሩን ወጪ በቃሉ አስልቶ ፊቱ በራ። ብርነሽ ፈራች። "ዝም ብላ ነው የምትሄደው፤ ትበራ ትጥፋ በምን አውቃለሁ?" አለች። እኔ ሳቅሁ። ቀጠለችና "መብራት በጠፋ ማግስት ሩቲን በምን ላደርሳት ነው?" ስትል ግን ሳቄን ዋጥኩት። ለነገሩ መስቀል ፍላወር የተከራዩበት ግቢ አከራይ ነገሩን ቀድማ ሰምታ "በእኔ ቆጣሪ መኪና አይጠጣም" ብላ ዘጋችው። ሦስተኛዋ ደግሞ ሲያዩዋት ሙሽራ ናት። መካኒኩ ምንጣፏን ገልጦ ሲያይ የፊቷ ግማሽ ከአንድ መኪና፣ የኋላዋ ከሌላ መኪና ተበይዶ የተሠራች ሆና ተገኘች። ብርነሽ ስንት ሌሊት በሕልሟ መንገድ መሀል ለሁለት ስትከፈል አየቻት።

አራተኛዋ ላንቻ፣ የአንድ አዛውንት ግቢ ውስጥ፣ ሸራ ለብሳ ተቀምጣ ነበር። ነጭ ኮሮላ፣ የኋላዋ ረጅም፣ ቤተሰብ የሚጫንባት ዓይነት። ባለቤቷ አቶ ገብረመስቀል በጡረታ የሚኖሩ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው ሰው ናቸው። ዓይናቸው ስለደከመ መንዳት ትተዋል። ታዲዎስ ዊልቸሩን ሲያስገባ፣ ሳይታጠፍ፣ እንዳለ፣ ገባ። አቶ ገብረመስቀል ወደ ወላጆቿ አልዞሩም፤ ጎንበስ ብለው ሩቲን "ልጄ፣ ተስማማሽ?" አሏት።

"ተስማማኝ" አለች ሩቲ። "ግን እርስዎ በምን ሊሄዱ ነው?"

"እኔ ወዴት እሄዳለሁ ብለሽ!" ብለው ሳቁ። ሳቁና ሳሉ። ያን ጊዜ ሳሉን ከቁም ነገር የቆጠረው ሰው አልነበረም፣ ብርነሽም ብትሆን።

በዋጋው ተስማሙ። የቀረው ስም ማዞር ነው። ስም ለማዞር ደግሞ የሚከፈል ግብር አለ፤ ለእሱ የሚሆን አልተረፈም፣ የታዲዎስ እቁብ እስኪደርሰው መጠበቅ ነበረባቸው። ያገናኘን ደላላ "በቃ በውክልና ያዙት፣ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው። ስሙን ቀስ ብላችሁ ታዞሩታላችሁ" አለ። እውነቱን ነው፤ በዚህ ከተማ በሌላ ሰው ስም የሚነዳውን ማን ቆጥሮት። አቶ ገብረመስቀልን ደግፈን ውልና ማስረጃ ወሰድናቸው፣ ፈረሙ፣ ቁልፉን ለብርነሽ ሰጡ። የመኪናዋ ባለቤትነት ደብተር፣ ሊብሬው፣ በእሳቸው ስም ቀረ። ስንመለስ አንድያ ልጃቸው ተከስተ ከአዳማ መጥቶ በር ላይ ቆሟል። መኪናዋን አየ፣ እኛን አየ። "አባባ፣ ይቺን እኮ እኔ ነበርኩ የምወስዳት" አለ።

"ስጠይቅህ ዝም አልክ" አሉት።

ተከስተ ሰላም ሳይለን ገባ።

በማግስቱ ብርነሽ ለመኪናዋ ምርቃት ድፎ ዳቦ ይዛ ቢሮ መጣች። ሩቲ ያን ጧት ዘንጣ ትምህርት ቤት ገብታለች። ብርነሽን እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። ሕግ ክፍል የሚሠራው ሙሐሲን ዳቦውን እየቆረሰ "እንኳን ደስ ያለሽ! ስም ዞረ?" አላት።

"ለጊዜው በውክልና ነው።"

"እ... ሰውየው ጤነኛ ናቸው?"

"ምነው?"

"አይ፣ ማለቴ... ወካይ ከሞተ ውክልናውም አብሮት ይሞታል። ስሙ ካልዞረ መኪናዋ የወራሽ ትሆናለች። ያኔ እንግዲህ ፍርድ ቤት ነው። ግን ምን አስጨነቀሽ፣ ደህና ናቸው አይደል?"

ብርነሽ ዳቦውን ከአፏ መለሰችው። ሙሐሲን ደግ ሰው ነው፣ ክፉ አስቦ አይደለም፤ ያን ቀን ግን ላንቀው ነበር። ከሰዓት በኋላ ብርነሽ ፋይል ልታወጣ መደርደሪያው ሥር ገብታ አልተመለሰችም። ሄጄ ሳያት በካርቶኖቹ መሀል ቁጭ ብላለች። "ሲስሉ ሰምተሻቸዋል አይደል?" አለችኝ።

የሚቀጥሉት ወራት እንዲህ አለፉ። ብርነሽ እሁድ እሁድ ላንቻ መሄድ ጀመረች፤ ሰበቡ ሩቲን "አባባን ሰላም እንድትል" ማምጣት ነው። ሩቲና ሽማግሌው ዳማ ሲጫወቱ እሷ ትንፋሻቸውን ታዳምጣለች። የበራቸውን ምንጣፍ ያደናቅፋል ብላ አነሳችው። መሰላላቸውን ደበቀችው። ታዲዎስን ይዛ መጥታ የደጃፉን የተሰነጠቀ ደረጃ አስለሰነችው። ከኋላ ያለውን ክፍል ተከራይታ የምትኖረውንና ለእሳቸው የምታበስለውን ሪሐናን ጨው እንዳትጨምር አፋጠጠቻት። ሪሐና ወደ እኔ ዞራ "ወላሂ፣ የራሴ እናት እንዲህ አልተቆጣጠረችኝም" አለች። ስልካቸው ሲዘጋ የብርነሽ ቀን ይበላሻል። አንዴ ቻርጅ አልቆባቸው ነው፤ እሷ በምሳ ሰዓት ከካዛንቺስ ላንቻ ሄዳ፣ ጋቢ ለብሰው ፀሐይ ሲሞቁ በአጥር አሾልቃ አይታ፣ ሰላም ሳትላቸው ተመለሰች።

እኔ እቀልድባት ነበር። "ሴትዮ፣ እንደ መኪናው እሳቸውንም በየዓመቱ ቦሎ አስለጥፊላቸው እንጂ!" እላታለሁ። አትስቅም። ማታ ማታ አልጋዋ ላይ ሆና ምን እንደምታስብ ነግራኛለች፤ ሽማግሌው ሞተው፣ ተከስተ ቁልፉን ተቀብሏት፣ ዊልቸሩ መንገድ ዳር ቆሞ፣ ሩቲ ላዩ ላይ ተቀምጣ። ብድሩ ግን በየወሩ ይቆረጣል። ይህን ስትነግረኝ እኔም ደሞዜን አሰላሁ፤ ዋሷ ነኝና።

ሁዳዴ ሲገባ ነገሩ ባሰ። አቶ ገብረመስቀል አጥብቀው የሚጾሙ ሰው ናቸው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ የለም። ብርነሽ እንደሷ ያለች ጿሚ ሆና፣ ቅዳሴ የማታስታጉል ሴት፣ ሽማግሌን ጾም አስገድፋ ልታበላ ተነሳች! ሾርባ ይዛ በጧት ትሄዳለች፣ "ለታመመ ይፈቀዳል እኮ አባባ" ትላለች፣ እሳቸው "አልታመምኩም ልጄ" ይሏታል። እምቢ ሲሏት ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ የነፍስ አባታቸውን አፈላልጋ አገኘቻቸው። ከጾሙ እንዲፈቷቸው ለመነች። ቄሱ ሰሟትና "ልጄ፣ ምንሽ ናቸው?" ቢሏት፣ ደንግጣ "የመኪናዬ ባለቤት" አለች።

ይህ ወሬ ለአቶ ገብረመስቀል ደረሰ፤ ቄሱ ለቀልድ ነግረዋቸዋል። እሁድ ስንሄድ፣ እኔም አብሬ ነበርኩ፣ "ብርነሽ፣ ነይ እዚህ ቁጭ በይ" አሏት። "እንዲያው እውነቱን ንገሪኝ። ይህ ሁሉ ሾርባ ለነፍሴ ነው፣ ለሥጋዬ ነው ወይስ ለሊብሬው?"

ብርነሽ መሬት ትዋጠኝ አለች። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች፣ እያለቀሰችም ሁሉንም ዘረገፈችው፤ የሙሐሲንን ነገር፣ ብድሩን፣ እቁቡን፣ የተከስተን ፊት፣ መንገድ ዳር የምታየውን ዊልቸር። "እንዳይሞቱብኝ ፈራሁ አባባ። ይቅር ይበሉኝ፣ መጀመሪያ ለመኪናዋ ነበር የፈራሁት። አሁን የቱ ለየቱ እንደሆነ አላውቀውም" አለች።

ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ። ሳሉ ብርነሽን ይባስ አስደነገጣት፤ ውሃ ልታመጣ ስትነሳ እጇን ያዙና አስቀመጧት። "ተከስተ ልጄ ነው፣ ይወደኛል። ስለሚወደኝ 'አባባ ደህና ነው' ብሎ አዳማ ተቀምጧል። አንቺ ፈርተሽ በየሳምንቱ ትመጫለሽ። እኔን የጠቀመኝ የቱ ይመስልሻል?" አሏት። ጾሙን ግን አልፈቱም።

ከፋሲካ በኋላ እቁቡ ለታዲዎስ ወጣ። ስም ለማዞር ትራንስፖርት ቢሮ ቀጠሮ ተያዘ፣ ሰኞ ጧት። መኪናዋ ራሷ መቅረብ አለባት፤ የሻንሲ ቁጥሯ ታይቶ ከሊብሬው ጋር ይመሳከራል። ታዲዎስ ወረቀቱን ይዞ ተራ ሊይዝ ቀደመ። ብርነሽ ሩቲን ትምህርት ቤት አድርሳ ልትከተለው ነው፤ "ብቻዬን ከሄድኩ የሆነ ነገር ይሆናል" ብላ እኔን ከቢሮ አስፈቅዳ ጎኗ አስቀመጠችኝ። "ዛሬ ማታ ትተኛለሽ" አልኳት። "ስሙ ይዙርና" አለች። መሪውን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛለች።

ሩቲን አድርሰን ስንመለስ፣ መስቀል ፍላወር ሳንደርስ ስልኳ ጮኸ። ሪሐና ናት። "ብርኔ፣ አባባ ወደቁ! ትንፋሽ አጥሯቸዋል! ሰው የለም፣ ምን ላድርግ?"

ብርነሽ መኪናዋን ጥግ አስያዘች። ፊቷ አመድ መሰለ። የምታስበውን አውቀዋለሁ፣ እኔም የማስበው እሱኑ ነበር። ቀድመን ትራንስፖርት ቢሮው ከገባን፣ እሳቸው በሕይወት እያሉ፣ ስሙ ዞሮ ያልቃል። ቀድመን እሳቸው ጋ ከሄድንና አንድ ነገር ከሆኑ ግን ሁሉም ነገር ገደል ገባ፤ መኪናው፣ ብድሩ፣ ትምህርት ቤቱ። "አምቡላንስ ትጥራላቸው፣ እኛ ቀድመን እዚያ እንድረስ። ከሩቲ የሚበልጥብሽ የለም" አልኳት። ይህን በማለቴ አላፍርም፤ ጓደኛም ነኝ፣ ዋስም ነኝ።

"ሰብሊ፣ ዝም በይ" አለችኝ። በዚያ ሁሉ ዓመት እንደዚያ ብላኝ አታውቅም። መሪውን ወደ ላንቻ አዞረች።

ሦስት ሴቶች ሆነን ተሸከምናቸው። ዊልቸሩ ሩቲ ጋ ስለሆነ የኋላው ባዶ ነው፤ ወንበሩን አጥፈን አስተኛናቸው፣ ሪሐና ጭንቅላታቸውን ጭኗ ላይ አደረገች። ደረታቸው ይጮኻል። ትንሽ እንደሄድን ዓይናቸውን ገልጠው የመኪናዋን ጣሪያ አዩ፣ በየት እንዳሉ ገባቸው።

"ሰኞ አይደል ዛሬ?" አሉ። "ቀጠሮሽስ?"

"ይተዉት አባባ፣ አይናገሩ።"

"በቢሮው በር ነው የምናልፈው። መጀመሪያ... እዚያ ግቢ። እኔ እጠብቃለሁ።"

በእውነትም በበሩ ነበር የምናልፈው። ታዲዎስ ሰልፉ መሀል ቆሞ መኪናዋን ከሩቅ አወቃት። የደረስንለት መስሎት ፋይሉን ከፍ አድርጎ እያውለበለበ ወደ መንገዱ ወጣ። ብርነሽ አየችው። እግሯ ነዳጁ ላይ ነበር፣ አላነሳችውም። በመስታወት ወደ ኋላ ሳይ ታዲዎስ እጁን እንዳነሳ መንገድ ዳር ቆሟል።

ሆስፒታል ደርሰን ድንገተኛ ክፍል ተቀበሏቸው፤ ሐኪሞቹ የሚችሉትን ሁሉ አደረጉ። ተከስተ ከአዳማ ተነስቷል፣ መንገድ ላይ ነው። እኔ ለታዲዎስ ደወልኩና መጥቶ መኪናዋን ወደ ቢሮው እንዲወስድ ነገርኩት፤ ብርነሽ እጃቸውን ይዛ አልላቀቅም ብላለች። ታዲዎስ እየሮጠ ሲደርስ እሷ ከክፍሉ ስትወጣ ተገናኙ። ቁልፉን ለመቀበል እጁን ዘረጋ። ጭንቅላቷን ነቀነቀች። "አረፉ" አለች።

ከዚያ ታዲዎስ፣ ያ ጨዋ መምህር፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ቢሮው ገና ክፍት ነው" አለ። "ማንም እኮ አላወቀም።"

"እኔ አውቃለሁ" አለች።

"ብርኔ፣ ሩቲን አስቢ እንጂ።"

"ሬሳቸው ሳይቀዘቅዝ? ፈራሁ ታዲ" አለችና ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። ታዲዎስም አጠገቧ ቁጭ አለ። እኔ አልተቀመጥኩም፤ ሰው መሀል ቆሜ በሁለቱም ተናደድኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ።

ቀብሩ ቂርቆስ ሆነ። ድንኳኑ ላንቻ ተተከለ፤ ብርነሽ ከሪሐና ጋር እንግዳ ስታስተናግድ ዋለች፣ ስታለቅስ ዘመድ የመሰላቸው ብዙ ናቸው። መኪናዋን ከዚያ ቀን ጀምሮ አልነዳቻትም። "የሰው ንብረት ናት" ትላለች። ሩቲ ማክሰኞ ቀረች፣ ረቡዕ ቀረች፣ ሳምንቱንም ቀረች። እናቷ አሁንም ወገቧን ታማለች። ሩቲ አንድም ቀልድ አልቀለደችም፤ ዳማውን ብቻ ከፊቷ ዘርግታ የሽማግሌውንም ተራ ራሷ ትጫወታለች።

ሰልስት ካለፈ በኋላ ተከስተ ደውሎ "ቅዳሜ እመጣለሁ" አለ፤ ለምን እንደሚመጣ አልተናገረም። ቅዳሜ እኔም እነ ብርነሽ ቤት ሄድኩ፣ የደሞዜን ቀብር ለማየት። ብርነሽ መኪናዋን አጥባለች፣ የሩቲን ትራስ ከውስጥ አውጥታለች፣ ቁልፉንና ሊብሬውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለች። እጆቿን የምታደርግበት አጥታ ቀሚሷን ትጨመድዳለች።

ተከስተ ጥቁር ለብሶ መጣ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን አየ፣ አልነካውም። ሻይ ቀረበለት፣ አልጠጣም። "አባባ መጨረሻ ላይ ምን አለ?" አለ። "እኔ አልደረስኩበትም። ሐኪሞቹም አያውቁም። አብራችሁት የነበራችሁት እናንተ ናችሁ።"

ምን ብትለው እንደሚሻል ሁላችንም እናውቅ ነበር። 'ስምህን ጠሩ' ብትለው ለልጅ ማጽናኛ ነው፣ ለእሷም ይበጃታል። በእግሬ ነካ አደረግኋት። ብርነሽ አየችኝ፣ ከዚያ ወደ እሱ ዞረች።

"'መጀመሪያ እዚያ ግቢ፣ እኔ እጠብቃለሁ' ነው ያሉኝ፤ ስሙን አዙሪ ማለታቸው ነው። ለጥቅሟ ዋሸች ብትል አልፈርድብህም፣ ግን ያሉት ይህንኑ ነው። ስምህን አልጠሩም። ይቅርታ አድርግልኝ።"

"በቢሮው በር ነው ያለፋችሁት?" አለ ተከስተ።

"በበሩ።"

"ታዲያ ለምን አላቆምሽም?"

"ፈራሁ።"

"ምኑን?"

"እንዳይሞቱ።"

ያን የመሰለ ትልቅ ሰው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ድንኳን ውስጥ ሲያለቅስ አላየሁትም ነበር። "እኔ እኮ አልፈራሁም" አለ በመጨረሻ። "አንድ ቀን እንኳ አልፈራሁለትም። ሁልጊዜ የሚኖር ነበር የሚመስለኝ።" ሩቲ ዊልቸሯን እየገፋች አጠገቡ ደረሰችና ሶፍት ሰጠችው። ተናፈጠ። ከዚያ ቁልፉን በጣቱ ገፍቶ ወደ ብርነሽ አስጠጋው። "የወራሽነት ማረጋገጫውን ፍርድ ቤት እስኪሰጠኝ ይቆያል። እንደወጣ አብረን ሄደን በስምሽ እናዞረዋለን። እስከዚያ ልጅቷ ትምህርቷን እንዳታጓድል" አለ።

ታዲዎስ ተነስቶ አቀፈው። እኔ ደግሞ ከዋስነቴ ጋር ታረቅኩ። ብርነሽ አመሰገነችው፣ ግን ስትስቅ አላየኋትም፤ ልብ ብዬ ሳያት 'እስኪሰጠኝ ይቆያል' የሚለው ላይ ቆማ ቀርታለች።

እስከ በር ሸኘነው። ውጪ መንገዱ እንደወትሮው በመኪና ተጨናንቋል። ተከስተ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ግራ ቀኙን ሳያይ፣ አስፋልቱ ውስጥ ገባ።

"ተከስተ!" ብርነሽ ከጎኔ ጮኸች። "ቀስ በል! ሚኒባሱን እየው!"

ዞር ብሎ እጁን አነሳላት፣ ቆመ፣ ሚኒባሱ አለፈ፣ ተሻገረ። ማዶ ደርሶ ታክሲ ውስጥ እስኪገባ ድረስ እሷ በሩን ይዛ አየችው። ሳቄ መጣብኝ።

"አሁን ደግሞ ለእሱ ልትጀምሪ ነው?" አልኳት።

"ብቻውን ነው የሚኖረው አሉ" አለች፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል። "ከስቷል፣ አላየሽውም? ሰብሊ፣ እሁድ በጧት ብንነሳ፣ አዳማ ስንት ሰዓት ይፈጃል?"